ጠጅ ሣር በበቆሎ መደዳ፦ የአረም ሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

መጋቢት መጨረሻ

በቆሎ በአረም ክፉኛ የሚጎዳበት ጊዜ አጭር ነው። ከበቀለ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ማሳው ከጸዳለት፣ ከዚያ ወዲያ አገዳው ራሱ ጥላ ጥሎ የቀረውን አረም ያፍነዋል። አስቸጋሪው ነገር ያ ጊዜ ሁሉም ሰው ጉልበት የሚፈልግበት መሆኑ ነው። ሐዋሳ ዳር፣ ቱላ ባለው የአጎቴ ማሳ ወጉ መጀመሪያ በእጅ ማረም፣ ቀጥሎ ኩትኳቶ፣ ከዚያ ሽልሻሎ (በመደዳው መካከል በበሬ ማረስ) ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ እየናረ ከመጣ ወዲህ ግን ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር አረሙ ማዳበሪያውን ከበቆሎው ጋር ይሻማል።

ጎረቤቶቹ ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ አረም ይረጫሉ። አጎቴ አይረጭም፤ በበቆሎው መሐል ቦሎቄ ይዘራል። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ስለሚመታ አሉማና ቅንጭ ከሚባሉት አረሞች ጋር ቦሎቄውንም ይዞት ይሄዳል። ለእንደ እሱ ዓይነቱ ገበሬ የሚሆን ሌላ መላ መፈለግ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቦሎቄው የቤተሰቡ ወጥ ነው።

እኔ ከተማ ውስጥ ከጠጅ ሣርና ከሮዝመሪ ዘይት እያወጣሁ ሳሙና እሠራለሁ። እንፋሎት ያለፈበት ሣር ጓሮዬ ይከመራል፤ በክምሩ ዙሪያ አረም እምብዛም አይወጣም። ይህንን ለአጎቴ ስነግረው «እስቲ እኔም ማሳ ላይ ይታይ» አለና ከመንገዱ በኩል ያለውን ጥግ ሰጠኝ።

ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ አንድ ተመራማሪ ቦትል ብራሽ ከሚባለው ዛፍ ሥር አረም እንደማይበዛ አስተውሎ አፈሩን መመርመር ጀመረ። (ዛፉ በእኛም ከተሞች በየግቢው ይተከላል፤ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለው ቀዩ ነው።) እዚያ የተገኘው ሌፕቶስፐርሞን የተባለ ንጥረ ነገር በኬሚስቶች እጅ ብዙ ከተሻሻለ በኋላ ሜሶትሪዮን የተባለው ፀረ አረም ወጣ፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበቆሎ ማሳዎች ላይ ይረጫል። አረሙን አንጥቶ ይገድለዋል፣ በቆሎው ግን ንጥረ ነገሩን ቶሎ ስለሚሰባብረው ይተርፋል። በግሪክም መዓዛማ ዕፅዋትን ከአፈር ጋር ገልብጠው በላዩ በቆሎ የዘሩ ተመራማሪዎች አረሙ ሲቀንስ አይተዋል። ይህ ማለት ቅጠል ዘፍዝፎ የረጨ ሁሉ ሜሶትሪዮን አገኘ ማለት አይደለም። ዛፍ ሥር በታየውና በመርጫ በሚረጨው መካከል ሃያ ዓመት ያለፈ የላቦራቶሪ ሥራ አለ።

ሚያዝያ መጀመሪያ

ለሙከራው የመረጥኳቸው ጠጅ ሣር፣ ሮዝመሪ፣ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ነጭ አዝሙድ ናቸው። በጠጅ ሣር ዘይት ውስጥ የሚበዛው መዓዛማ ንጥረ ነገር ሲትራል ነው፤ በባሕር ዛፉ ሲኒዮል፣ በነጭ አዝሙዱ ታይሞል። ሮዝመሪ (ሥጋ ቤቶች የጥብስ ቅጠል የሚሉት) ሲኒዮልም ካምፎርም አለው። ሁሉም የዘርን መብቀል እንደሚገቱ በላቦራቶሪ የታወቁ ናቸው። ጦስኝም ታይሞል አለው፤ ግን ከደጋው ተራራ የሚለቀም የዱር ተክል ነው፣ ለአረም ሲባል መጨፍጨፉን አልፈልግም። ነጭ አዝሙድም ለማሳ የሚሆን ዋጋ የለውም፤ ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው ያስገባሁት።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ቅጠሉን በጥላ አድርቆ መውቀጥ፤ 100 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ ለ24 ሰዓት መዘፍዘፍ፤ በነጠላ ማጥለል። ግማሹን እንዳለ፣ ግማሹን በእኩል ውሃ አቅጥኜ ያዝኩ። የጠጅ ሣሩ ዝፍዝፍ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ የባሕር ዛፉ እንደ ቆየ ይጠቁራል። ከሁለት ቀን በላይ ካስቀመጡት ይቦካል፣ ስለዚህ የዕለቱ ለዕለቱ ነው።

በሳህን ላይ ሶፍት ዘርግቼ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ አሉማና ቅንጭ አረም ለየብቻ ዘራሁ። ቅንጩን (ብዙ ሰው ፓርቲኒየም የሚለውን) በጓንት ነው የለቀምኩት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል፣ የበላችው ላም ወተትም ይመራል። በኢትዮጵያ ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በምሥራቁ በኩል መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ ስምጥ ሸለቆውን አዳርሶታል። አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ስለሚችል አንድ ክረምት የተረሳ ጥግ ለዓመታት ይበቃል።

ከንጹሕ ውሃ ሌላ አንድ መመሳከሪያ ጨምሬያለሁ፦ ተራ የሜዳ ሣር በተመሳሳይ መጠን የተዘፈዘፈበት ውሃ። ማንኛውም ቅጠል ሲዘፈዘፍ ጨውና ስኳር ይለቃል፣ እነሱ ብቻቸውን ዘር ውሃ እንዳይጠጣ ሊያደርጉ ይችላሉ። ያ ሳይለይ «መዓዛው ገደለው» ማለት አይቻልም።

ሚያዝያ አጋማሽ

ሳህኖቹ ብዙ ተናገሩ።

ባልቀጠነው የጠጅ ሣር ዝፍዝፍ አሉማው አልበቀለም ማለት ይቻላል። ጥቂት የፈነዱት ዘሮች ሥራቸውን ሚሊ ሜትር ያህል አውጥተው ቆሙ፤ በማጉያ መነጽር ሳያቸው ጫፋቸው ቡኒ ሆኗል፣ በንጹሕ ውሃ ባሉት ላይ የሚታየው ነጭ የሥር ፀጉር የለም። ከሥር ጫፍ ነው አዲስ ሥር የሚወጣው፣ እዚያ ሴሎቹ መከፋፈል ካቆሙ ቡቃያው አለቀለት። ቅንጩም ክፉኛ ተመታ። ነጭ አዝሙዱ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ሮዝመሪው መካከለኛ፤ ባሕር ዛፉ ከጠጅ ሣሩ ጥቂት ያንሳል። ተራው የሜዳ ሣር ውሃ መብቀልን ትንሽ አዘገየ እንጂ አልከለከለም፤ ስለዚህ ከጨውና ከስኳር በላይ የሆነ ነገር አለ።

በቆሎው ግን ያለ ምንም ችግር በቀለ። ሥሩ በጠንካራው ዝፍዝፍ ትንሽ አጠረ፣ በቀጠነው ግን ከውሃው ጋር ልዩነቱ አይታይም። ስንዴው በቀለ፣ ሥሩ ግን በግልጽ አጥሯል። ጤፉ ከአሉማው እኩል ሞተ።

ብዙ ሰው ይህንን ሲያይ ዝፍዝፉ አረሙን ከሰብሉ የሚለይ ይመስለዋል። እኔ የማየው የዘሩን መጠን ነው። ሺህ የጤፍ ፍሬ ወደ 0.3 ግራም ይመዝናል፤ አንድ የበቆሎ ፍሬ ብቻዋን ያን ያህል ትሆናለች። በቆሎ በሆዱ ብዙ ስንቅ ስላለው ሥሩ ቢነካም ሌላ ያወጣል። አሉማም ቅንጭም ጤፍም ስንቅ የላቸውም፣ የመጀመሪያዋ ሥር ከተቃጠለች መተኪያ የለም። በዚያ ላይ በቆሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአፈር በታች ይዘራል፤ ትንንሾቹ የአረም ዘሮች የሚበቅሉት ከላይ ካለው 1 እና 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ላይ የተረጨ ነገር በቅድሚያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ቦሎቄም ትልቅ ዘር ነው፣ ይህ ለአጎቴ መልካም ዜና ነው።

ግንቦት መጀመሪያ

ዝናቡ ሲረጋ ዘራን፤ በመደዳ መካከል 75፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። በማግሥቱ አንዱን መደዳ በጠጅ ሣር ዝፍዝፍ፣ ቀጣዩን በሮዝመሪ፣ ቀጣዩን በውሃ እያልኩ ተራ በተራ ረጨሁ። ጥንካሬው እንዳለ፣ ሳይቀጥን። ባሕር ዛፉን ትቼዋለሁ፤ ነጩ የደጋ ነው፣ ከዚህ ማግኘቱ ችግር ነው።

ግንቦት አጋማሽ

በሳህን ያየሁት በማሳ አልተደገመም። በተረጨው መደዳ አረሙ ዘግይቶ ወጣ፣ ግን ወጣ። ከሳምንት ጥቂት በላይ ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር፤ አሉማው በውሃ መደዳው ላይ አራት ቅጠል ሲያወጣ በጠጅ ሣሩ ላይ ገና በሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎቹ ነበር። ከዚያ ደረሰበት። ሮዝመሪው ከውሃው አልተለየም።

ምክንያቱ አፈር ሳህን አለመሆኑ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንደ ምግብ ይበሏቸዋል፤ ብስባሹ ይይዛቸዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይተናሉ። የሐዋሳ አካባቢ አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ የመጣ፣ ቀላልና ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ነው፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለ ዝፍዝፉ ወደ ታች ይወርዳል።

ለአጎቴ ይህንን ስነግረው እንዳዘንኩ ገባው። «አዘገየልኝ አላልሽም? ታዲያ ይበቃኛል ልጄ። ቦሎቄው ቀድሞ መሬቱን ከሸፈነ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን የማየው በእሱ ዓይን ነው። ዝፍዝፉ አረም አይገድልም፤ ጊዜ ይገዛል። ጥያቄው ስንት ቀን፣ በስንት ድካም የሚለው ነው። የመጀመሪያውን እጅ አረም በሳምንት ማዘግየት ከተቻለ ሠራተኛ ከማይገኝበት ግርግር ማምለጥ ይቻላል፤ ለአንድ ጥማድ መሬት ግን በበርሜል የሚቆጠር ዝፍዝፍ ያስፈልጋል፣ ቅጠሉም ደርቆ መወቀጥ አለበት። ከማረሙ የሚቀልል ሥራ አይደለም።

ግንቦት መጨረሻ

አሁን ዘይቱን። ዝፍዝፉ ዘር ላይ ይሠራል፣ ዘይቱ ቅጠል ላይ። የቅጠሉን ሰም ያሟሟል፣ የሴሉን ሽፋን ይበጣጥሳል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈስ ፀሐይ ታደርቀዋለች። በሌላ አገር የጠጅ ሣርና የቅርንፉድ ዘይት ያለባቸው ፀረ አረሞች ለተፈጥሯዊ እርሻ ይሸጣሉ።

5 ከመቶ ዘይት ለካሁ፤ ዘይትና ውሃ ስለማይስማሙ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ ነጭ እስኪሆን ናጥኩት፤ መርጫው ውስጥም በየመሐሉ ይናጣል። የአሮጌ ጄሪካን ጎን ቆርጬ ለበቆሎው መከለያ አደረግሁለት፣ ዘይቱ የነካውን ሁሉ ያቃጥላልና፤ እዚህ ላይ ትልቅ ዘር ትንሽ ዘር የሚባል ነገር የለም። መነጽርና ጓንት አድርጌ፣ ቀትር ላይ፣ ቦሎቄው ገና ሳያብብ ንብ በሌለበት ነው የረጨሁት። «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ ዓይንን አይለበልብም ማለት አይደለም።

ቅንጩ ላይ ተንበርክኬ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ቅጠሉ በሙቅ ውሃ የተነከረ ያህል ጨለም ያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ወደ ማታ ጠወለገ፣ በማግሥቱ ቡኒ ሆኖ ይሰባበራል። ሁለትና ሦስት ቅጠል ብቻ የነበረው እዚያው ቀረ። መሬት ላይ ተንጣሎ የነበረው ትልቁ ግን ከሳምንት በኋላ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ከአንገቱ በታች ዘይቱ አይደርስም። ሰርዶና እንግጫ ደግሞ ከላይ ነድደው ከሥራቸው እንደገና መጡ። ለእነሱ ዘይት ማባከን ነው፣ መነቀል አለባቸው።

ሒሳቡን ሠራሁት፣ እዚህ ጋ ሊሠራ የሚያስብ ሰው በደንብ ይየው። ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ውሃ ቢረጭ 5 ከመቶው 10 ሊትር ዘይት ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ጠጅ ሣር ግማሽ ኪሎ ዘይት ከተገኘ መልካም ነው። ስለዚህ ለአንዲት ርጭት ወደ 20 ኩንታል ሣር፣ በዚያ ላይ ማገዶው። ዘይቱ በሳሙና መልክ የሚያወጣው ገንዘብ ሲታሰብ በቆሎ ላይ ማፍሰስ አይገባም። የመርጫዬ የጎማ ቀለበትም አብጦ መቀየር ነበረበት። በአትክልት መደብ ዳር፣ በግቢ ድንጋይ ንጣፍ መሐል ለሚወጣ ቡቃያ ይሆናል። ለእህል ማሳ አይሆንም፤ ይህንን ያለ ማወላወል እላለሁ።

ሰኔ

የቀረው እንፋሎት ያለፈበት ሣር ነው፤ እስከ ዛሬ ስጥለው የኖርኩት። ከኩትኳቶ በኋላ በመደዳዎቹ መካከል ጣት ሙሉ ውፍረት ጎዘጎዝኩት። ዝግጅት የለውም፣ መወቀጥ የለውም፣ ከክምሩ በጆንያ ተሸክሞ መበተን ብቻ።

ውጤቱ ከዝፍዝፉም ከዘይቱም ይበልጣል። በተጎዘጎዘው ላይ ቅንጭና አሉማ እዚህም እዚያም ብቅ አሉ እንጂ መሬት አልሸፈኑም፤ አጎቴ በእግሩ መንገድ ላይ እንደ ዋዛ እየነቀላቸው አለፈ። ከሥሩ ያለው አፈር ዝናብ ባቋረጠባቸው ቀናት እርጥብ ነበር።

ግን ሥራው የመዓዛው ነው ወይስ የሽፋኑ? የአሉማና የቅንጭ ዓይነት ጥቃቅን ዘሮች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ፣ ሽፋን በራሱ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ከጎኑ ያለውን መደዳ በተራ ደረቅ ሣር በተመሳሳይ ውፍረት ጎዝጉዤ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠጅ ሣሩ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ከዚያ ሁለቱ እኩል ሆኑ። ዘይቱ አስቀድሞ ስለወጣለት የሚቀረው መዓዛ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን የሠራው ጥላው ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ትልልቅ ሰዎችንም አከራክሯል። በ1964 እ.ኤ.አ. ሙለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ሳልቪያ በሚባሉ መዓዛማ ቁጥቋጦዎች ዙሪያ ሣር የማይበቅልበት ባዶ ቀለበት አይተው ከቅጠሉ የሚተነው መዓዛ ያደረገው ነው ብለው በሳይንስ መጽሔት አወጡ። በ1970 እ.ኤ.አ. ባርቶሎሚው የተባለ ሌላ ተመራማሪ ቀለበቱን በሽቦ አጥሮ እንስሳት እንዳይገቡ አደረገ፤ ሣሩ በቀለ። ቁጥቋጦው ሥር የሚደበቁት አይጦችና ሌሎች እንስሳት ነበሩ ዳሩን የሚግጡት። ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ስንልም ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን መምጠጡ፣ ጥላው፣ የረገፈው ቅጠል ውፍረት ሁሉም አለበት። መዓዛውን የምወደው ሰው በመሆኔ ይህንን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ጉዝጓዝ የራሱ ጣጣ አለው። ምስጥ ይወዳል፣ ስለዚህ ከበቆሎው ግንድ በስንዝር መራቅ አለበት። የበቆሎ አገዳና ጭድ ደግሞ የከብት መኖ ነው፣ ማንም ለመሬት አይሰጥም። ዘይት የወጣለት ጠጅ ሣር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የማንንም ላም ድርሻ አይነካም።

ሐምሌ

የአጎቴ ጎረቤት ጤፍ ሊዘራ ነው። የበቆሎውን መደዳ እያየ «ለእኔም ያን ውሃ አድርጊልኝ፣ ጤፍ አረም እኮ ወገብ ይሰብራል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጤፍ ለማረም ጎንበስ ብለው የሚውሉትን ሴቶች ያየ ሰው ይገባዋል። ግን አልሰጠሁትም። «ጋሼ፣ ይህ ውሃ ትንንሽ ዘር ነው የሚገድለው። ከጤፍ የሚያንስ ዘር የት አለ? አረሙን ሳይሆን ጤፉን ነው የምጎዳብዎት» አልኩት። ጤፍ ላዩን ስለሚበተን የሚሸሽበት አፈርም የለውም። ሳህኑን አሳየሁት፤ ጎን ለጎን የሞቱትን አሉማና ጤፍ አይቶ ዝም አለ፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ሄደ። ለእሱ የሚሆነው ከመዝራቱ በፊት ደጋግሞ ማረስና የመጀመሪያውን የአረም ቡቃያ ገልብጦ መግደል ነው፤ ያንን ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ጥቅምት

በቆሎው ደርሷል። የተጎዘጎዘው ጥግ ሁለተኛውን እጅ አረም ሳያስፈልገው አለፈ፤ ለአጎቴ ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ያ ነው። ፍሬው ከሌላው ማሳ መብለጥ አለመብለጡን ከአንድ ጥግ አልናገርም፤ ቦሎቄው ግን ሙሉ በሙሉ ተለቅሟል።

ለመጪው በልግ የተስማማንበት ይህ ነው። ዝፍዝፉን በመደዳው ላይ ብቻ፣ ፍሬው የተቀበረበትን አንድ ስንዝር ስፋት ተከትለን እናርከፈክፈዋለን፤ ቅጠሉም ውሃውም ከሲሶ በታች ይሆናል፣ በእጅ ለማረም አስቸጋሪውም ቦታ እሱ ነው። ዘይት ማሳ ውስጥ አይገባም። በመደዳ መካከል ጉዝጓዝ። ጉዝጓዙ ከከተማ እየተጫነ መምጣቱ ስለማያዛልቅ አጎቴ በእርከኑ ጫፍ ላይ ጠጅ ሣር ሊተክል ነው፤ ጎርፍ አፈሩን የሚቆርጥበትን ቦታ ይይዝለታል፣ እኔም ሣሩን አጭጄ ዘይቱን አወጣና ቀሪውን እመልስለታለሁ። ከጓሮዬ ቁጥቋጦ እየገነጠልኩ ችግኙን በጆንያ አድርሻለሁ። ክረምቱ ስለወጣ በቱቦ እየጠጣ ከቤቱ አጠገብ ይቆያል፤ ዝናብ ሲገባ ወደ እርከኑ ይዛወራል።